የሚሸሽን ሰው መግደል፦ ምክንያቱ ሞቶ ራሱ የቀረ ሕግ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1974፣ ከምሽቱ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በምትገኘው ሜምፊስ ከተማ ሁለት ፖሊሶች ቤት ውስጥ ሌባ ገብቷል የሚል ጥሪ ደረሳቸው። ከቦታው ሲደርሱ አንዲት ሴት በረንዳዋ ላይ ቆማ የጎረቤቷን ቤት አመለከተቻቸው። መስታወት ሲሰበር ሰምታለች። ከፖሊሶቹ አንዱ ኤልተን ሃይመን በጓሮ በኩል ዞረ። በር ሲላተም ሰማ፤ አንድ ሰው ጓሮውን አቋርጦ ሲሮጥ አየ። የሚሮጠው ልጅ ስድስት ጫማ ያህል ከፍታ ካለው የሽቦ አጥር ሥር ደርሶ ቆመ። ሃይመን የእጅ ባትሪውን አበራበት። ፊቱን አየው፣ እጆቹንም አየ። መሣሪያ አልታየውም። ልጁ ባዶ እጁን መሆኑን ከሞላ ጎደል እርግጠኛ እንደነበር በኋላ ራሱ መስክሯል። "ፖሊስ! ቁም!" አለው። ልጁ አጥሩን መውጣት ጀመረ። አጥሩን ከዘለለ አይያዝም ብሎ ያመነው ፖሊስ ተኮሰ። ጥይቱ የልጁን ጭንቅላት ከኋላ በኩል መታው።

ኤድዋርድ ጋርነር 15 ዓመቱ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ሞተ። ከቤቱ ወስዶት የተገኘው አሥር ዶላርና አንድ የሴት ቦርሳ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደነግጠው ፖሊሱ ምንም ሕግ አለመጣሱ ነው። የቴነሲ ሕግ፣ አንድ ፖሊስ ሊይዝህ ነው ብሎ ካስታወቀ በኋላ ተጠርጣሪው ከሸሸ ወይም በጉልበት ከተቃወመ፣ ለመያዝ "አስፈላጊ የሆነውን መንገድ ሁሉ" መጠቀም ይቻላል ይል ነበር። የከተማው ፖሊስ የራሱ መመሪያም ቤት ሰብሮ የገባ ሰው ሲሸሽ መተኮስን ይፈቅዳል። የፖሊሱን አተኳኮስ የመረመረው ቦርድ ጉዳዩን አይቶ ዘጋው። ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚወስነው የዜጎች ጉባኤም ክስ አላቀረበም። ሁሉም በሕጉ መሠረት ተከናወነ።

ታዲያ አሥር ዶላር ይዞ የሚሸሽን ልጅ በሞት የሚቀጣ ሕግ ከየት መጣ? በየትኛውም የቴነሲ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ለዚህ ጥፋት ሞት የሚፈርድበት ዳኛ አልነበረም። ዳኛ የማይፈርደውን ፍርድ ፖሊስ በጓሮ እንዲፈጽም ማን ፈቀደለት? መልሱን ለማግኘት ብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

◾ የሌሊት ሌባና የቀን ሌባ

ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ማሰብ የጀመሩት ፖሊስ የሚባል ነገር ከመኖሩ እጅግ ቀደም ብለው ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ የሰፈረው ሕግ ሁለት ሌቦችን ይለያል። በሌሊት ቤት ሲቆፍር ተገኝቶ የተገደለ ሌባ ደሙ በገዳዩ ላይ አይሆንም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከተገደለ ግን ገዳዩ የደም ዕዳ አለበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የተጻፈው የሮማውያን የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግም እንዲሁ የሌሊቱን ሌባ ከቀኑ ይለያል።

ሌባው ያው ሌባ፣ የሚሰረቀውም ንብረት ያው ንብረት ሆኖ ሳለ ጨለማው ለምን ለውጥ ያመጣል? በጨለማ የገባ ሰው ለምን እንደመጣ አይታወቅም። ሊሰርቅ ነው ወይስ ሊገድል? ብቻውን ነው ወይስ ከነጓደኞቹ? ጩቤ ይዟል? የቤቱ ባለቤት የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ ሕጉ ፍርሃቱን ይረዳለታል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ሰውየው ይታያል፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ይያዛል፣ ያስከፍሉታል። ከዚያ በኋላ የሚገድለው ሰው ስለ ንብረቱ ሲል ነፍስ እንዳጠፋ ይቆጠራል።

ስለዚህ ጥንታዊው ሕግ መግደልን የፈቀደው ከአደጋ ጋር አያይዞ ነው። ስርቆቱ ብቻውን አይበቃም። በዚህ ሚዛን የሜምፊሱ ጉዳይ ሲታይ፣ የሃይመን የእጅ ባትሪ ያንን ጓሮ ቀን አድርጎት ነበር።

◾ ሁሉም ከባድ ወንጀል ሞት በሆነበት ዘመን

የቴነሲ ሕግ ግን በቀጥታ የተቀዳው ከእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ መደበኛ ፖሊስ አልነበረም። ወንጀል ሲፈጸም እሪታ ይሰማል፤ እሪታውን የሰማ ሁሉ ወጥቶ ወንጀለኛውን ማሳደድ ግዴታው ነው። ይህ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1285 በዊንቸስተር ድንጋጌ በጽሑፍ ጸና። ከባድ ወንጀል የሠራ ሰው ሲሸሽ ካልተያዘ፣ አሳዳጆቹ ቢገድሉት አይጠየቁም።

ይህ ደንብ በዘመኑ የራሱ አመክንዮ ነበረው። ከባድ ወንጀል በሚባሉት ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ቅጣቱ ሞት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በእንግሊዝ ሞት የሚያስቀጡ ጥፋቶች ወደ 200 ደርሰው ነበር፤ ብዙዎቹ የንብረት ጥፋቶች ናቸው። እንግዲህ የሚሸሸው ሰው ቢያዝም የሚጠብቀው ገመድ ነው። አሳዳጁ የገደለው እንደሆነ የማይቀረውን ነገር አፈጠነው እንጂ አዲስ ቅጣት አልጨመረበትም። ዊልያም ብላክስቶን በ1760ዎቹ የእንግሊዝን ሕግ ሲተነትን ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል፤ አንድን ወንጀል ለማስቆም መግደል የሚፈቀደው ወንጀሉ ቢፈጸም ኖሮ ቅጣቱ ሞት የሚሆን ከሆነ ብቻ ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። ያኔ ማሳደድ ማለት በእግር መሮጥ ነው፤ መሣሪያውም ዱላ፣ ጦር ወይም ሰይፍ። የሚሸሽን ሰው ለመግደል ደርሶበት መተናነቅ ያስፈልጋል። በትንቅንቁ አሳዳጁም ሊሞት ይችላል። ደንቡ ሲወጣ ከሩቅ ቆሞ ቃታ ስቦ የሚሸሽን ሰው ጀርባ መምታት የሚባል ነገር በሕግ አውጪው ዐይን ፊት አልነበረም።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተለወጠ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሞት ቅጣት ከአብዛኞቹ ወንጀሎች ላይ ተነሣ። መደበኛ ፖሊስ ተቋቋመ። በአሜሪካ ከተሞች ፖሊሶች ሽጉጥ መታጠቅ የጀመሩት በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው። የከባድ ወንጀል ዝርዝርም ሰፋ፤ ቀድሞ ቀላል የነበሩ ብዙ ጥፋቶች ከባድ ተብለው ተመደቡ። ደንቡ ግን እንደነበረ ቀረ። ያቆመው ምሰሶ ሁሉ ተነቅሎ ጣሪያው ብቻ አየር ላይ ተንጠለጠለ። እንግሊዝ ራሷ በ1967 ባወጣችው የወንጀል ሕግ የከባድና የቀላል ወንጀልን የቆየ ክፍፍል ሰርዛ፣ ኃይል መጠቀም የሚቻለው እንደ ሁኔታው ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ ነው አለች። ውርሱን የተቀበሉት ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግን ከእናቲቱ አገር በኋላም ይዘውት ቆዩ።

◾ የአንድ አባት ክስ

የጋርነር አባት ልጃቸው በሕግ መሠረት ተገድሏል የሚለውን መልስ አልተቀበሉም። የፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደው ሕጉ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ከሰሱ። ክርክሩ ብዙ ዓመታት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1985 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ ወሰነ።

የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ባይሮን ዋይት ናቸው። መነሻቸው ቀላል ነው። ሕገ መንግሥቱ መንግሥት ዜጋን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይዝ ይከለክላል። ሰውን ተኩሶ መጣልም መያዝ ነው፤ እንዲያውም ከዚያ የባሰ አያያዝ የለም። ተይዞ የሚፈታ አለ፣ ተከሶ ነፃ የሚወጣ አለ፤ የሞተ ግን ፍርድ ቤት አይቀርብም። መንግሥት ወንጀለኛን ለፍርድ ማቅረብ እፈልጋለሁ የሚል ከሆነ፣ ተጠርጣሪውን መግደል ያንኑ ዓላማውን ያከሽፋል።

የድሮው ደንብ ይከበር ለሚሉትም ፍርድ ቤቱ ከላይ ያየነውን ታሪክ ቆጠረላቸው፤ ሞት የሚያስቀጣው ሁሉ ዛሬ ሞት አያስቀጣም፣ መሣሪያውም ያ መሣሪያ አይደለም። ስለዚህ ባዶ እጁን ያለና ለማንም አደገኛ ያልሆነ ተጠርጣሪ ስለሸሸ ብቻ አይገደልም ተባለ። መተኮስ የሚፈቀደው ሰውየው ካመለጠ በፖሊሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ያደርሳል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖር ነው፤ ያም ቢሆን የሚቻል ከሆነ አስቀድሞ በማስጠንቀቅ።

በሌላው ወገን የቆሙት ሦስት ዳኞች የልዩነት ሐሳብ ቀላል አልነበረም። ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የጻፉት ይህ ነው፦ ቤት መስበር ተራ የንብረት ጥፋት አይደለም፤ ብዙ አስገድዶ መድፈርና ድብደባ የሚፈጸመው በዚህ መንገድ ነው። ፖሊሱ በጨለማ፣ በዐይን ቅጽበት መወሰን ነበረበት። ቤት ውስጥ ማን እንደተጎዳ አያውቅም። ተጠርጣሪውም "ቁም" ሲባል ቢቆም ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር። ዛሬም በየትኛውም አገር ፖሊስ ጋ ብትሄዱ ይህንኑ ክርክር ትሰማላችሁ፤ ሌሊት ቤቱ የተሰበረበት ሰውም ይስማማበታል።

መልሱ ግን ከፖሊሶቹ ከራሳቸው መጣ። በዚያ ክርክር ለጋርነር ወገን ድጋፋቸውን ለፍርድ ቤቱ ካቀረቡት መካከል የፖሊስ ማኅበራትና በርካታ የፖሊስ አዛዦች ነበሩ። የኒው ዮርክ ፖሊስ በ1972 የተኩስ መመሪያውን አጥብቆ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፖሊሶች የሚተኩሱበት ጊዜ በግልጽ ቀነሰ፣ የሚገደሉና የሚቆስሉ ፖሊሶች ቁጥርም በዚህ ምክንያት አልጨመረም። ብዙ አዛዦች የተማሩት ነገር ቢኖር፣ በሚሸሽ ሰው ጀርባ ላይ የሚተኮስ ጥይት ለፖሊሱ ደኅንነት የሚጨምረው ነገር እንደሌለ ነው። ሰውየው እየራቀ ነው፤ አደጋውም አብሮት እየራቀ ነው።

◾ "ሊያመልጥ ሲል ተመታ"

ይህ ጉዳይ የሌባና የፖሊስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚሸሽን ሰው መግደል በተፈቀደበት አገር ሁሉ፣ መሸሹን የሚናገረው የገደለው ሰው ነው። ሟች አይመሰክርም።

ሜክሲኮ ይህን በመራራው ታውቀዋለች። በፖርፊርዮ ዲያዝ ረጅም አገዛዝ ዘመን እስረኛ ከእስር ቤት እስር ቤት ሲዛወር በመንገድ ላይ "ሊያመልጥ ሲል" ይገደል ነበር። ነገሩ ከመለመዱ የተነሣ ሕዝቡ "የመሸሽ ሕግ" የሚል ስም አወጣለት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1913 ከሥልጣን የወረዱት ፕሬዚዳንት ፍራንሲስኮ ማዴሮና ምክትላቸው በሌሊት ወደ እስር ቤት ሲወሰዱ ተገደሉ። መንግሥት የሰጠው መግለጫ አጃቢዎቹ ጥቃት እንደተከፈተባቸውና እስረኞቹም በግርግሩ እንደሞቱ የሚል ነበር፤ ያመነው ሰው ግን እምብዛም ነው። በናዚ ጀርመንም ከማጎሪያ ካምፖች ለቤተሰብ የሚላከው መርዶ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ቃል የያዘ ነበር።

ለዚህ ነው ዓለም አቀፉ ሕግ በጊዜ ሂደት በሩን እያጠበበ የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሐቫና ላይ የተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ባጸደቀው መርህ፣ ሕግ አስከባሪ ሆን ብሎ ሕይወት የሚያጠፋ ተኩስ መተኮስ የሚችለው የሰው ሕይወት ለማዳን ፈጽሞ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2005 በቡልጋሪያ ጉዳይ ይህንኑ አጸና። ሁለት የሮማ ማኅበረሰብ ወጣቶች ከውትድርና አገልግሎት ጠፍተው በ1996 ሊያዙ ሲሉ ባዶ እጃቸውን እየሸሹ ተገድለው ነበር። የአገሪቱ ደንብ ከማስጠንቀቂያ በኋላ መተኮስን ይፈቅዳል። ፍርድ ቤቱ ግን ማንንም የማያሰጋን ሰው፣ ባይተኮስበት ያመልጣል እንኳ ቢባል፣ መግደል አይቻልም አለ፤ ጥፋቱንም በተኳሹ ላይ ብቻ ሳይወስን የፈቀደውን ደንብ ራሱን ወቀሰ።

ጥሩ ሕግም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ከጋርነር ውሳኔ ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2015፣ በደቡብ ካሮላይና ዋልተር ስኮት የተባለ ሰው መኪናው በትራፊክ ፖሊስ ከቆመ በኋላ ሮጦ ሲሸሽ ከጀርባው ተመትቶ ሞተ። ፖሊሱ ለሕይወቴ ፈርቼ ነው አለ። በዚያ ሲያልፍ የነበረ ሰው በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ ባይሆን ኖሮ ያ ቃል ጸንቶ ይቀር ነበር። በግዛቱ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ችሎት ዳኝነቱን የሚሰጡት ዜጎች መስማማት አቅቷቸው ተበተነ፤ በኋላ ፖሊሱ በፌዴራል ክስ ጥፋቱን አምኖ 20 ዓመት ተፈረደበት። ለዚህ ያበቃው የአንድ መንገደኛ ስልክ ነው።

◾ በእኛ አገር ሕግ

ፖሊስና ጠመንጃ ባልተስፋፉበት ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሸሽን ወይም የሚጣላን ሰው የሚያስቆም አንድ ቃል ነበር፦ "በሕግ አምላክ!" ይህን የተባለ ሰው መቆም ይገባዋል፤ ተራ መንገደኛም ዳኛ ሆኖ ሊያዳምጣቸው ይችላል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። የሰረቀው ሰው ካልታወቀ የአካባቢው ነዋሪ አፈርሳታ ተቀምጦ ያወጣዋል። ያ ዘመን የዋህ ነበር ለማለት አይደለም፤ እጅ መቁረጥና ደም መመለስም የዚያው ዘመን ልማዶች ናቸው። ነገር ግን የሸሸ ሰው ዛሬ ባይያዝ ነገ ይያዛል የሚል እምነት በውስጡ ነበረ።

ዘመናዊው ሕግ ሲመጣም የተመረጠው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 56 ላይ፣ የሚያዘው ሰው በጉልበት ቢቃወም ወይም ሊያመልጥ ቢሞክር ፖሊሱ "ከሁኔታው ጋር ተመጣጣኝ" የሆነ ዘዴ ሁሉ መጠቀም ይችላል ይላል። የቴነሲው "አስፈላጊ" የሚል ነበር። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሰው ነፍስ ያህል ነው። አጥር የሚዘልን ልጅ ለመያዝ ጥይት አስፈላጊ ሊመስል ይችላል፤ ሌላ ማስቆሚያ የለምና። ለአሥር ዶላር ግን ጥይት በምንም ስሌት ተመጣጣኝ አይሆንም። አሜሪካ በ1985 የደረሰችበትን ነጥብ የእኛ ሕግ ቢያንስ በፊደል ደረጃ ከ24 ዓመት በፊት ጽፎት ነበር ማለት ይቻላል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲደነግግ ያንኑ መንፈስ ይከተላል፤ ጥቃቱ የተጀመረ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥ ባዶ እጁን ያለ ሰው ማንን እያጠቃ ነው? ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 15 የሰው ሕይወት የሚጠፋበትን አንድ መንገድ ብቻ ይጠቅሳል፤ እሱም በሕግ ለተደነገገ ከባድ ወንጀል የሚጣል ቅጣት ነው። ቅጣት ደግሞ የፍርድ ቤት ሥራ ነው።

ችግሩ "ተመጣጣኝ" የሚለው ቃል ራሱን አይለካም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሣው ሁከት ስለጠፋው ሕይወት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የገጠመው ጥያቄ ይህ ነበር። ጉዳዩ የሚሸሽ ተጠርጣሪ ሳይሆን የአደባባይ ተቃውሞ ነው፤ ቃሉ ግን ያው ነው። 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መገደላቸው በሪፖርቱ ሰፈረ። ለፓርላማ የቀረበው መደምደሚያ የተወሰደው ርምጃ ከመጠን ያለፈ አልነበረም የሚል ሲሆን፣ አገር ጥለው የወጡት የኮሚሽኑ ሰብሳቢና ምክትላቸው ደግሞ አባላቱ አስቀድመው በ8 ለ2 ድምፅ ርምጃው ከመጠን ያለፈ ነው ብለው እንደነበር ተናገሩ። በአንድ የሟች ቁጥር፣ በአንድ ሕግ፣ በአንድ ቃል ላይ ሁለት ተቃራኒ ፍርዶች ተሰጡ።

ስለዚህ ማንኛውም ሰው በፖሊስ ወይም በታጣቂ ጥይት ተገድሎ "ሊያመልጥ ሲል ነው" የሚል መግለጫ በሰማን ቁጥር የሚጠየቁት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ሰውየው በዚያች ቅጽበት ማንን ያሰጋ ነበር? ቢያመልጥ ኖሮ የሚደርሰው ጉዳት ምንድን ነው? ሌላ መንገድ ተሞክሯል? ጥይቱ የገባው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሰው ከተኳሹ የተለየ አካል ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ካልተመለሰ ሌሎቹ አራቱ ዋጋ የላቸውም። ያመለጠ ሌባ ነገ ሊያዝ ይችላል፤ ነገ ባይያዝ ከነገ ወዲያ። መንግሥት ለዚያ ጊዜ አለው፣ ሰው አለው፣ መዝገብ አለው። በስህተት የተገደለን ሰው ግን ይግባኝ ብሎ የሚመልሰው ፍርድ ቤት እስካሁን አልተቋቋመም።